የመገናኛው ባቡር ሒሳብ የማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲና ወደ አያት የሚሄደውን የቀላል ባቡር ሐዲድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ብዙዎቻችሁ ተሳፍራችሁበታል። አንዳንዶቻችሁም ጣቢያው ላይ ቆማችሁ ጠብቃችሁ፣ ሲቀር ጊዜ ወደ ታክሲ ሰልፍ ዞራችኋል። ያን ሐዲድ ማን ከፈለበት ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው «ቻይና» ይላል። ቻይና ግን አበደረች እንጂ አልከፈለችም። ከፋዩ ሌላ ነው። ማን እንደሆነ ስትሰሙ ነገሩ ሐዲዱ የሚነሳበት የየካ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ትረዳላችሁ፤ ላስታ ላይ ገብስ የሚያጭደው ገበሬም፣ ጅግጅጋ ላይ ሱቅ የከፈተው ነጋዴም አሉበት።

ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፤ የአገር ሁሉ የሆነው የፌዴራል ካዝና በአንድ ከተማ ውስጥ ለሚሠራ ውድ መንገድና ባቡር ገንዘብ ማውጣት አለበት ወይ? የእኔን መልስ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ለብዙኃን ትራንስፖርት ከሆነ አዎ፣ ያውም ሳይሰስት። ግን ከምረቃው ማግስት ጀምሮ ወጪውን ማን እንደሚሸከም፣ ከየትኛው ገቢ እንደሚሸከም አስቀድሞ ተጽፎ ከታሰረ ብቻ ነው። ለመኪና ማሳለጫና ለተደራራቢ ድልድይ ከሆነ ግን ከተማው በራሱ አቅም ይሥራው። ለምን እንዲህ እንደምል ለማሳየት ከየካ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ካርታ ካላችሁ አውጡና የክፍለ ከተማውን ሰሜናዊ ዳር ተመልከቱ። እንጦጦ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። ከእሱ ሥር እንደ ቀበና ያሉ ወንዞች ሸንተረሩን እየሰነጠቁ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። በሁለት ወንዞች መካከል ያለው ሰፈር ሁሉ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ መንገድ አለው፤ ጎን ለጎን ካለው ሰፈር ጋር ለመገናኘት ግን ገደልና ወንዝ መሻገር ስላለበት ድልድይ ይፈልጋል። ድልድይ ደግሞ ውድ ነው። ስለዚህ ከፈረንሳይም፣ ከኮተቤም፣ ከካራም የሚነሳው ሰው ወደ ሌላ ሰፈር ለመሄድ አስቀድሞ ቁልቁል ወርዶ ጥቂት ቦታዎች ላይ መሰብሰብ ግድ ይለዋል። የመገናኛ ጭንቅንቅ ከአስተናባሪ እጥረት ብቻ የመጣ አይደለም። የመሬቱ አቀማመጥ ራሱ ሰዉን ወደዚያ እየገፋ ያመጣዋል።

እንዲህ ለሚሰበሰብ ሰው ብዙኃን ትራንስፖርት ያስፈልጋል። ማን ይክፈለው ለማለት ደግሞ ሕጉን እንይ። አትሰልቹብኝ፣ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 የፌዴራል መንግሥትን ሥልጣንና ተግባር ይዘረዝራል። የባቡር ትራንስፖርትን ማልማትና ማስተዳደር የፌዴራል ሥራ ነው ይላል። ሁለትና ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ አውራ መንገዶችም እንዲሁ። በዚያው አንቀጽ ገንዘብ የመበደር ሥልጣን የተሰጠው ለፌዴራል መንግሥቱ ሲሆን፣ ክልሎች ከአገር ውስጥ ምንጭ የሚበደሩበትን ሁኔታ የሚወስነውም እሱ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ በአንቀጽ 49 መሠረት ራሷን ታስተዳድራለች፤ ተጠሪነቷ ግን ለፌዴራል መንግሥቱ ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አያችሁ? አንድ ከተማ ባቡር ከፈለገ ባቡሩን የሚሠራበት ዶላር ያስፈልገዋል። ዶላር የሚገኝበት የውጭ ብድር በር ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ በሩ ላይ የቆመው የገንዘብ ሚኒስቴር ነው። ስለዚህ «ፌዴራል ይግባበት ወይስ አይግባበት» የሚለው ክርክር ባቡር ላይ ሲደርስ ግማሹ ያለቀ ነው። የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ ነገር ሁሉ፣ ፈለግንም አልፈለግንም፣ በአገር ስም የሚገባ ዕዳ ይሆናል። የሚቀረን ክርክር በምን ውል ይግባ የሚለው ነው።

የቀላል ባቡሩ ታሪክም በዚሁ መንገድ ሄደ። የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን የተባለው የፌዴራል ድርጅት በ2000 ዓ.ም. ተቋቋመ። ግንባታው በ2004 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር፣ ከዚህም 85 በመቶው ከቻይናው ኤግዚም ባንክ በብድር የተገኘ ነበር። የሰሜን ደቡቡ መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው የምሥራቅ ምዕራቡ ደግሞ ጥቅምት 29። በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ፣ 39 ጣቢያዎች፣ 41 ባቡሮች። ከሰሐራ በታች ላለው አፍሪካ ትልቅ ነገር ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው።

እስቲ አብረን ሒሳብ እንሥራ። የብድሩ ድርሻ 404 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ባቡሩ ሥራ ሲጀምር 1 ዶላር 21 ብር አካባቢ ስለነበር ዕዳው በብር 8.5 ቢሊዮን ይሆናል። በዚያን ጊዜ የባቡሩ ቲኬት እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። በቀን 100 ሺህ ሰው ተሳፈረ እንበል፤ ሁሉም ትልቁን 6 ብር ከፈለ እንበል፤ ኤሌክትሪኩም፣ ደመወዙም፣ ጥገናውም በነጻ ተገኘ እንበል። ዋናውን ዕዳ ብቻ፣ ያለ ወለድ፣ ለመጨረስ ወደ 39 ዓመት ይፈጃል።

ቆዩ፣ ገና አላለቀም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ከ120 ብር በላይ ሆነ። ያ 404 ሚሊዮን ዶላር ሳይነካ ቆይቶ ቢሆን በብር ከ48 ቢሊዮን በላይ ይሆን ነበር ማለት ነው። ከአያት መገናኛ የሚሄደው ባቡር አንድ ሜትር አልረዘመም፣ የሚጭነው ሰውም አልጨመረም። ገቢው በብር ነው፣ ዕዳው በዶላር ነው፤ ሁለቱ በተራራቁ ቁጥር ልዩነቱን የሚሸፍነው ግብር ከፋዩ ነው። መንግሥት በ2013 ዓ.ም. የዕዳና ንብረት አስተዳደር ኮርፖሬሽንን አቋቁሞ የባቡር ኮርፖሬሽኑን ጨምሮ የበርካታ የልማት ድርጅቶችን ዕዳ ወደዚያ ያዞረው ድርጅቶቹ በገቢያቸው መክፈል ስላልቻሉ ነው። የላስታው ገበሬ ወደ ሒሳቡ የገባው በዚህ በኩል ነው። በቀጥታ ግብር ባይከፍል እንኳ ማዳበሪያውን የሚገዛው በዚሁ በተዳከመ ብር ነው።

«ታዲያ ቲኬቱ ይወደድ» የሚል ይኖራል። በዓለም ላይ ግን የከተማ ባቡር የግንባታ ወጪውን በቲኬት የመለሰበት ከተማ ለማግኘት ትቸገራላችሁ። ቲኬቱ የሚሸፍነው ቢበዛ የዕለት ማስኬጃውን ነው፤ እሱንም ከሸፈነ። የባቡር ጥቅም ተሳፋሪው ኪስ ውስጥ ብቻ አይቀርም። መንገዱ ላይ የቀረው መኪና ይፈጥናል፣ አሠሪው ሠራተኛውን በሰዓቱ ያገኛል፣ ጣቢያው አጠገብ ያለው መሬት ይወደዳል። ይህን የመሬቱን ነገር ያዙልኝ፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ይልቅ እኔን የሚቆረቁረኝ ከግንባታው በኋላ የሆነው ነው። ባቡሩ የተገነባው በፌዴራል ብድር ነው። የማስኬዱ ኃላፊነት ግን ኋላ ወደ ከተማው አስተዳደር ተሸጋገረ። መለዋወጫው ከውጭ በዶላር የሚገዛ ነው፤ ከተማዋ ደግሞ የምትሰበስበው ብር ነው። በ2015 ዓ.ም. በይፋ እንደተነገረው ከ41ዱ ባቡሮች የሚሠሩት 8 ብቻ ነበሩ። ላም ሰጥቶ መኖ እንደመንፈግ ነው።

ይህ ቁጥር ጣቢያ ላይ ለቆመው ሰው ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳችሁ። አንድ ባቡር ከአያት ተነስቶ ጦር ኃይሎች ደርሶ እስኪመለስ 2 ሰዓት ይፈጅበታል ብለን እንነሳ። በመስመሩ ላይ 20 ባቡር ካለ በየ6 ደቂቃው አንድ ይመጣል። 4 ካለ በየግማሽ ሰዓቱ። በየ6 ደቂቃው ለሚመጣ ባቡር ሰዓት ማየት አያስፈልግም፤ ዝም ብሎ ወጥቶ መሳፈር ነው። በየግማሽ ሰዓቱ የሚመጣው ደግሞ ሲደርስ ጢም ብሎ ስለሚሞላ ግማሹን ሰው ጥሎ ይሄዳል። የቀረው ሰው በማግስቱ ወደ ሚኒባስ ይዞራል። ገቢው ይቀንሳል። ገቢው ሲቀንስ ለጥገና የሚቀረው ያንሳል፤ ሌላም ባቡር ይቆማል። ሐዲዱ፣ ጣቢያው፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ሁሉ በቦታው አለ። ትልቁ ወጪ ወጥቶ አልቋል። ትንሹ ወጪ ጠፍቶ ነው ትልቁ ያለ ጥቅም የቆመው። ይህን ሳስብ እናደዳለሁ፤ እናንተም ብትናደዱ ደስ ይለኛል።

ለግንባታው ከፍሎ ማስኬጃውን የሚረሳ ውል የእኛ ፈጠራ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው የአውራ ጎዳና ሕግ ከወጪው 90 በመቶውን የፌዴራል መንግሥቱ፣ 10 በመቶውን ብቻ ግዛቶቹ እንዲከፍሉ አደረገ። አንድ ዶላር ያወጣ የግዛት አስተዳዳሪ ዘጠኝ የሚጨመርለት ከሆነ «መንገዱ ያስፈልገናል ወይ» ብሎ ለመጠየቅ ምን ምክንያት አለው? መንገዱ በከተሞች መሐል አለፈ። ዲትሮይት ውስጥ ብላክ ቦተም የተባለው የጥቁሮች ሰፈር ከነንግዱ ጠፋ። ለከተማ አውቶቡስና ባቡርም የፌዴራሉ ድጋፍ በአብዛኛው ወደ ግንባታና ወደ ግዢ እንጂ ወደ ዕለት ማስኬጃው ስላልሄደ፣ አዲስ መስመር እየመረቁ በነባሩ ላይ ምልልስ የሚቀንሱ ከተሞች በዙ። ለሚገነባ ብቻ የሚከፍል መንግሥት የሚገነቡ ከተሞችን እንጂ የሚንከባከቡ ከተሞችን አያፈራም። እኛ 90 በመቶ የሚል ሕግ ባይኖረንም 85 በመቶ ብድር ነበረን፤ ውጤቱ ተመሳስሏል።

እዚህ ላይ የገጠሩን ጥያቄ ማለፍ አልችልም፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነውና። ለ2017 በጀት ዓመት መጀመሪያ ላይ የጸደቀው የፌዴራል በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። ከዚህ ውስጥ ለክልሎች ሁሉ በድጎማ የተመደበው 222.7 ቢሊዮን። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ለራሷ ያጸደቀችው በጀት 230 ቢሊዮን ብር ገደማ ነው። አንዲት ከተማ ብቻዋን፣ ክልሎች በሙሉ በድጎማ ከሚካፈሉት የበለጠ ታንቀሳቅሳለች። ክልሎቹ የራሳቸው ገቢም ስላላቸው ንጽጽሩ ሙሉ አይደለም፤ ቢሆንም የከተማዋን አቅም ያሳያል። በክረምት ወላድ በቃሬዛ የሚወርድበት ቀበሌ ባለበት አገር፣ ይህን ያህል የምታንቀሳቅስ ከተማ ለመኪና መሻገሪያ ድልድይ የፌዴራል ገንዘብ ልትጠይቅ አይገባም። ከአራት ኪሎ በቀበና አድርጎ ወደ መገናኛ የሚወጣውን መንገድ ጨምሮ፣ የኮሪደር ልማቱን ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማዋ ራሷ ስታካሂደው አይተናል። ስለ አፈጻጸሙ የየራሳችን አስተያየት ይኖረናል። አቅም የለም የሚለውን ግን ከእንግዲህ ማንም አይናገርም።

መንገድና ብዙኃን ትራንስፖርትን ለምን እንደምለያይ ደግሞ ልንገራችሁ። በአዲስ አበባ አብዛኛው ጉዞ በእግር ነው፤ ቀጥሎ ታክሲና አውቶቡስ ይመጣል፤ የግል መኪና የጥቂቱ ነው። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ለከተማው መንገድ ምንም መኪና አልጨመሩበትም። የእግረኛ መንገድ ግን ሲታሰብላቸው የሚመጡት መጨረሻ ላይ ነው። ቀላል ባቡሩ ሲሠራ እንኳ በአያት መንገድ መሐል የተዘረጋው አጥር እግረኛውን ወዲያና ወዲህ ከፍሎት ነበር፤ ለመሻገር እስከ ማቋረጫው መሄድ ግድ ሆነ። የፌዴራል ገንዘብ የሁሉም ከሆነ፣ ከተማ ውስጥ ሲገባ ብዙ ሰው ባለበት በኩል ይግባ ነው የምለው። ከመኪና ማሳለጫው የሚጠቀመው ከሁሉ በፊት መኪና ያለው ነው፤ እሱ ደግሞ በከተማው ውስጥም በኑሮው ከአማካዩ በላይ ነው።

አሁን ወደ መሬቱ ልመለስ፤ ከሁሉ የሚገርመው ይህ ነውና። በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በከተማ የሚሰጠው በሊዝ ነው፤ የሊዙን ገንዘብ የሚሰበስበው የከተማው አስተዳደር ነው። ባቡር በሲኤምሲና በአያት ሲያልፍ የዚያ አካባቢ መሬት ተፈላጊነቱ ይጨምራል። ጭማሪው ወደ ከተማው ካዝናና መሬቱን ቀድሞ ወደያዘው ሰው ይሄዳል። ዕዳው ግን የፌዴራሉ ነው። ትርፉ አንድ ቤት፣ ኪሳራው ሌላ ቤት። ሆንግ ኮንግ የባቡር ድርጅቷን ያጸናችው ሁለቱን አንድ ቤት በማስገባት ነው፤ ድርጅቱ በጣቢያዎቹ ላይና ዙሪያ ያለውን መሬት የማልማት መብት ያገኛል፣ ከሕንጻው የሚያገኘው ገቢ ሐዲዱን ይደግፋል። እኛ መሬቱ በመንግሥት እጅ ስላለ ይህን ለማድረግ ከብዙ አገሮች ይልቅ ይቀለን ነበር። ከጉርድ ሾላ እስከ አያት ባሉት ጣቢያዎች ዙሪያ ከሚገኘው የሊዝ ገቢ የተወሰነው ለመለዋወጫና ለጥገና ብቻ እንዲውል በሕግ ቢታሰር፣ ባቡሩ በየዓመቱ በጀት ለመለመን አይገደድም።

የካ ውስጥ ደግሞ የፌዴራሉ ገንዘብ በትክክል የሚገባበት ሌላ ቦታ አለ፤ ከመገናኛ በላምበረት፣ በኮተቤ፣ በካራ አድርጎ የሚወጣው መንገድ። ነዋሪው ኮተቤ መንገድ ይለዋል። ጭነት መኪና ነጂው የደሴ መንገድ ይለዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ካራን ሲያልፍ በሰንዳፋ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ ደሴ፣ ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ነው፤ ክልሎችን የሚያገናኝ ስለሆነ በአንቀጽ 51 የፌዴራል ሥራ ነው። ከተማው ውስጥ ሲገባ ግን የትምህርት ቤት ልጅ የሚሻገርበት፣ ሚኒባስ የሚቆምበት የሰፈር ጎዳና ይሆናል። ቀላል ባቡሩ በአያት በኩል ስላለፈ ይህ ወገን ሐዲድ አልደረሰውም። ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ማልዶ የሚወጣው ሰው የሚተማመነው በአውቶቡስና በታክሲ ነው። እዚህ የሚያስፈልገው ቢሊዮን ዶላር አይደለም፤ ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መስመር፣ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ ቶሎ ቶሎ የሚመላለሱ አውቶቡሶች ናቸው። ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰበው የመንገድ ፈንድ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንገድ ጥገና አለ፤ መገናኛ አካባቢ ነዳጅ የቀዳ ሁሉ ከፍሎበታል። ፌዴራሉ ከተማ ውስጥ ሰው ማመላለስንም ያውቅበታል፤ የመንግሥት ሠራተኞችን በነጻ የሚያመላልሱት የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡሶች የእሱ ናቸው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ላሳያችሁ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። የፌዴራል መንግሥቱ የሚዋዋለው የውጭ ብድር ስምምነት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ በአዋጅ ይጸድቃል፣ በነጋሪት ጋዜጣም ይታተማል። አዋጁ አጭር ነው፤ ሁለት ገጽ ቢሆን ነው። የብድሩ መጠን፣ ወለዱ፣ የእፎይታ ጊዜው፣ የሚከፈልበት ዘመን ይጻፋል። ስምምነቱ መጽደቁና የገንዘብ ሚኒስትሩ ሥልጣን የየራሳቸው አንቀጽ አላቸው። ቀጥሎ የከተማ ባቡር ወይም የፈጣን አውቶቡስ ብድር ሲመጣ አዋጁን አውጥታችሁ አንብቡት። የተገነባውን ማን እንደሚያስኬደው፣ መለዋወጫው በማን የውጭ ምንዛሪ እንደሚገዛ፣ ከየትኛው የሊዝ ወይም የነዳጅ ገቢ በየዓመቱ ስንት እንደሚቀመጥለት የሚናገር አንቀጽ ፈልጉ። ካላገኛችሁት የመረጣችሁትን የምክር ቤት አባል የምትጠይቁት ነገር አላችሁ፤ የአዲስ አበባ ሰዎች በዚያ ምክር ቤት ወኪሎች አሏችሁ፣ የላስታም ሰው አለው። አንቀጹ እንዲገባ ሁለቱም አንድ ላይ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ የሚከፍሉት አንድ ላይ ነውና።